ያላለቀ ጦሳ

(ደሴ፣ የሟቹ ሠዓሊ የተድላ ቤት። ነገ የአርባ ቀኑ ተዝካር ነው። ታፔላ ሠሪው ወንድይፍራው ብሩሹን ነክሮ፣ ተድላ በሣለው የጦሳ ተራራ ሥዕል ፊት ቆሟል፤ የሟቹ ልጅ ስንዱ ሥዕሉን በጀርባዋ ከልላለች።)

ስንዱ፦ ብሩሹን ወደዚያ ያርጉልኝ፣ ጋሼ! ቀሚሴን ከነኩ እጮሃለሁ።

ወንድይፍራው፦ ዞር በይ አንቺ! እናትሽ ናት የጠራችኝ። አንዲት ጎጆ፣ ሁለት ባሕር ዛፍ፣ አንድ ላም። ምሳ ሳይደርስ ጨርሼ እሄዳለሁ።

ስንዱ፦ ሥጋ ቤቱ በር ላይ የሣሏትን ላምዎን አውቃታለሁ። ፈረስ መስላኝ ሥጋ ሳልገዛ ተመልሻለሁ።

ወንድይፍራው፦ ምላስሽ ይቆረጥና! ይሄስ ምንድን ነው? ላዩ ጥቁር፣ መሐሉ ቀይ፣ ታቹ ቢጫ። ጦሳ ነው ይሄ? ድሪቶ ነው እንጂ!

ስንዱ፦ ጦሳ ነው። ዓይንዎን ጨፈን አድርገው ይዩት።

ወንድይፍራው፦ ነገ ጠላ የሚጠጣው ሰው ሁሉ ዓይኑን ጨፍኖ ሊቀመጥ ነው? "ተድላ ጀምሮ ሳይጨርስ ሞተ" ይላሉ። እናትሽን ያንገበገባት ይሄ ነው።

ስንዱ፦ ጨርሶታል! ይኸው፣ ፈርሞበታል። ያላለቀ ነገር ላይ ማን ይፈርማል? ለቀስተኛው ሁሉ እዚሁ ቁጭ ብሎ "ትንሽ ነካ ያደርገው ነበር" ሲል ሰምቻለሁ። ለአባቴ የቀረው ምስክር ይሄ ብቻ ነው። እሱንም ለላምዎ ሊያበሉት ነው?

ወንድይፍራው፦ ስንዱ... ጎጆ ነበረበት እኮ።

ስንዱ፦ ምኑ ላይ?

ወንድይፍራው፦ እዚህ፣ ቀዩ ላይ። እኔ ሱቅ ውስጥ ነው የሣለው። መጀመሪያ ሁሉም ነበረ። ከዚያ በየቀኑ እየመጣ በቢላ ይፍቃል። ዛፉን ፋቀ፣ ጎጆውን ፋቀ። "በዛብኝ" ይለኛል።

ስንዱ፦ ደግ አደረገ! ጎጆ ማንም ይሥላል።

ወንድይፍራው፦ በሩ ላይ እናትሽ ቆማ ነበር።

ስንዱ፦ ...እሷንም?

ወንድይፍራው፦ እሷን መጨረሻ ላይ። ሦስት ቀን በዙሪያዋ ሲፍቅ ሰንብቶ።

ስንዱ፦ እማዬ ታውቃለች?

ወንድይፍራው፦ ምሳ ይዛለት መጥታ፣ ደጃፉ ላይ ቆማ ሲፍቃት አየችው። ሳህኑን አስቀምጣ ሄደች። "ጎጆ ሣልበት" ያለችኝ ለእንግዳ መስሎሻል?

ስንዱ፦ ሥዕሉ ላይ... ብቻዋን ነበረች?

ወንድይፍራው፦ ተዪው በቃ፣ የኔ ልጅ።

ስንዱ፦ ብቻዋን ነበረች ወይ ነው የምልዎት!

ወንድይፍራው፦ አንቺን አዝላ ነበር።

ስንዱ፦ ...ብሩሹን ወዲህ ይበሉ። በሩ የቱ ጋ ነበር?