ከታማሚው የተደበቀ በሽታ

«እምዬ፣ ድነሃል ካልሽኝ፣ ክሩን ከመርፌው ቀዳዳ ማስገባት ለምን አቃተኝ?»

የቢቸናው ልብስ ሰፊ ታዘበው ይህን ሲጠይቃቸው አያቱ ወይዘሮ ፈንታነሽ ነጠላቸውን አነሡና «ሞጣ ደርሼ ጠበል ላምጣልህ» ብለው ወጡ። እናቱ በጨቅላነቱ ስለሞተች ያሳደጉት እሳቸው ናቸው። አዲስ አበባ ጭንቅላቱ ተከፍቶ እጢ ሲወጣለት፣ ሐኪሙ ለብቻቸው ጠርቶ «ክፉው ዓይነት ነው፤ ተመልሶ ያድጋል፤ የጨረር ሕክምናውን ቶሎ ይጀምር» ብሏቸው ነበር። እሳቸው ግን ልጁን «እብጠት ነበር፣ ወጣልህ» አሉት። አመናቸው። የታዘዘለትን እንክብል መዋጥ ተወ፤ ቀጠሮውንም «ለዳነ ሰው ምን ያደርጋል?» ብሎ አሳለፈው።

ሲመለሱ ሞጣ መናኸሪያ ጠበል የሞላ ጀሪካናቸውን አቅፈው ሚኒባስ ሲሳፈሩ አንዲት ወጣት ብድግ ብላ ሰላም አለቻቸው። የዱሮ ደንበኛቸው የጨርቅ ነጋዴዋ የሀሲና ልጅ፣ ሀኒያ ነበረች። ሐኪም ሆናለች፤ ለሥራ ወደ ቢቸና መሄዷ ነው። አጠገቧ ተቀምጠው የሆዳቸውን ዘረገፉላት።

«ለምን ደበቁት፣ እማማ?»

«በእኛ አገር መርዶ ለሟቹ ተነግሮ ያውቃል? ገና ልጅ እኮ ነው። ብነግረው በድንጋጤ ይሞትብኛል!»

«መርዶ ለሞተ ሰው ነው፤ ታዘበው አለ። በሽታውን የደበቀ...»

«ተረቱን እኔም አውቀዋለሁ!» አሉ ተቆጥተው። «የተተረተው መድኃኒት ላለው በሽታ ነው። ደግሞስ ሰው መተት አሠርቶበት ቢሆንስ? በስፌቱ የሚመቀኙት ሞልተዋል።»

«እንግዲያ ምቀኛው ከእኛ የበለጠ ሐኪም ነው፤ ራስ ቅል ሳይከፍት እጢ የሚያስቀምጥ!»

ሳይወዱ ፈገግ አሉ፤ ወዲያው ዓይናቸው እንባ ሞላ።

«ይስሙኝ» አለች ሀኒያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «ራስ ቅል አጥንት ነው፤ እንደ ሆድ አይለጠጥም። እጢ ሲያድግበት አንጎል መላወሻ ያጣል። ጧት ጧት የሚብሰው ራስ ምታት፣ ትውከቱ፣ ጥሎ ማንዘፍዘፉ፣ የእጁ መዛል ከዚያ ነው። የራስ እጢ ሁሉ ክፉ አይደለም። ክፉው ግን እንደ ሰርዶ ነው፤ ነቀልነው ሲሉት የቀረው ሥር ያቆጠቁጣል። አይጋባም፤ የኃጢአት ቅጣትም አይደለም። እንክብሉ የአንጎሉን እብጠት ያበርዳል፣ እንዳይጥለውም ይጠብቀዋል። በገዛ እጁ ድንገት ማቋረጡ ነው የሚጎዳው።»

«ጠበሉስ? መድኃኒት እየዋጡ አይሆንም ይላሉ።»

«እሱን ለንስሐ አባትዎ ይንገሩ እንጂ እንክብሉን አያስቁሙት። የእኔ አያት የመካውን ዘምዘም ውኃም ኪኒኑንም በአንድ ጉንጭ ነበር የምትውጠው።»

«ጨረሩ ያድነዋል?»

«አያድነው ይሆናል። ዕድሜ ግን ይጨምርለታል፤ ሕመሙንም ያቀልለታል። አይቆጡኝና፣ ያችን ዕድሜ እርስዎ ይዘውበታል። ምን እንደሚሠራባት፣ ከማን እንደሚታረቅባት የሚያውቀው እሱ ነው።»

«እኔ እኮ» አሉ ወይዘሮ ፈንታነሽ፣ «ከሞት የሸሸግሁት መስሎኝ ነበር።»

እንዲህ ነው። በሽተኛን ከክፉ ወሬ ስንከልል ከሕክምናው ከልለነው እንገኛለን።

ቢቸና ሲደርሱ ሀኒያን ይዘዋት ገቡ። ታዘበው ከስፌት መኪናው ፊት ተቀምጧል። አያቱ ቆመው፣ ነጠላቸውን እየጠመዘዙ፣ ሐኪሙ ያላቸውን ሁሉ ነገሩት። አንዲት ቃል አላስቀሩም።

ልጁ አያቱ «ሐኪም ናት» ወዳሏት ሀኒያ ዞረ። «ጨረሩ እጄን ይመልስልኛል?»

«ቃል አልሰጥህም። ግን እንክብሉን ዛሬ ለሐኪምህ ደውለን ጠይቀን እንጀምራለን፤ መውደቁ ይቀንስልሃል። ጨረሩ እጢውን ያዘገየዋል። ሲያምህም ማስታገሻ አለ፤ ብቻህን አትሠቃይም። ከዛሬ ወዲያ የምትጠይቀውን ሁሉ እውነቱን ትሰማለህ።»

ታዘበው አያቱን ትኩር ብሎ አያቸው። ተነሣ። ከቀዶ ጥገናው ወዲህ ብቻውን ከደጅ አስወጥተውት የማያውቁት ወይዘሮ ፈንታነሽ ሊከተሉት ብድግ አሉ፤ «ወዴት ነው?» ሊሉም አፋቸውን ከፈቱ። ግን ሀኒያ «የሚያውቀው እሱ ነው» ያለቻቸው ትዝ ብሏቸው መልሰው ተቀመጡ። እሱም ጋቢውን በግራ እጁ ጎትቶ ትከሻው ላይ ጣለና ብቻውን ወጣ።