«ሶሪ» እና ያጠረው እጅጌ

ዝናቡ ባይይዛት ኖሮ የእንግሊዝኛ መምህርቷ በዚያ ከሰዓት ወደ አጎቷ ልብስ ስፌት ቤት ጎራ ባላለች ነበር። ሽማግሌው አጎቷ ጥቁር ኮት ጭናቸው ላይ ዘርግተው፣ ፊታቸው ጠቁሮ ተቀምጠዋል።

«ምነው ጋሼ፣ ደህና አይደሉም?»

«ምን ደህና አለ ልጄ! ኮቱ የሟች ነው። ሚስቱ በልጇ ልክ እንዳስተካክልላት ሰጠችኝ፤ ልጁ ነገ ሥራ የሚጀምረው በአባቱ ኮት ነው። እኔ ደግሞ እጅጌውን ከልኩ ሦስት ጣት አሳጥሬ ቆረጥኩት።»

«ታዲያ ምን ሊሏት ነው?»

«በካውያ ተኮማተረ እላታለኋ! ስፌት ያስተማረኝ አለቃዬም ያሳየኝ ይሄንኑ ነው።»

በዚያ ሙያ ጥፋቱን ያመነን ልብስ ሰፊ ደንበኛ ይሸሸዋል ይባል ነበር። ስለዚህ ጥፋቱ ሁሉ የጨርቁ ነው። ምስኪን ጨርቅ፣ አፍ የለው!

«ሶሪ ቢሏትስ?»

ሽማግሌው በንዴት ሳቁ። «እግሬን የረገጠኝ ሶሪ፣ ያልሰማኝ ሶሪ፣ ሰው ለሞተበት ሶሪ፣ የለም ለማለት ሶሪ! እኔ ለሁሉ ልክ የሚሆን ልብስ ሰፍቼ አላውቅም።»

«የቋንቋው ባለቤቶችም ለዚያ ሁሉ ይሉታል፤ የቃሉ መነሻ ግን ማዘን ነው። ተማሪዎቼን ቃሉን ብቻውን አትልቀቁት እላቸዋለሁ። ምን እንዳጠፉ፣ እንዴት እንደሚያቃኑት አብረው ይናገራሉ። ያ ከሌለ ቃሉ ባዶ ነው። በአማርኛም ቢሉት ያው ነው፤ ቃል መቼ አነሰን? ድፍረት ነው ያነሰን።»

«ብትሸሸኝስ?»

«ጋሼ፣ ስንት ዓመት ለባሏ ስትተኩሰው የኖረችውን ኮት ዛሬ ተኮማተረ ቢሏት ታምናለች?»

ሽማግሌው ኮቱን ገልበጥ አድርገው አዩ። ይህን እንዴት እንዳላሰቡት ገርሟቸው አፈሩ።

ሴትየዋ ስትመጣ ብድግ አሉ። «እህቴ፣ እጅጌውን አሳጥሬ የቆረጥኩት እኔ ነኝ። ከኮቱ የውስጥ እጥፋት ጨርቅ አውጥቼ እቀጥለዋለሁ፤ ስፌቱ ግን ትንሽ ይታያል። ይቅርታ አድርጊልኝ።»

እሷ ያጠረውን እጅጌ በጣቷ ለካችው። ዓይኗ እንባ አቀረረ።

«ለነገ ጠዋት ይደርሳል?»

«እንቅልፍም ባላይ ይደርሳል!»

ደረሰም። ከዚያ ወዲያ በስፌት ቤቱ አብረዋቸው የሚሠሩት ሰፊዎች የተበላሸ ልብስ ከጨርቅ ክምር ሥር መደበቅ ተዉ። ጥፋታቸውን ከነማቃኛው ይዘው በዕለቱ ይመጣሉ፤ ጨርቁ ዳግም በመቀስ ሳይቆረጥ የተነገረ ስሕተት ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ይቃናል። ሽማግሌውም ቁጣቸውን ቀንሰዋል፤ ቢቆጡ ሁሉም እርሳቸው ያሳጠሩትን እጅጌ ያስታውሷቸዋል።

በወሩ ሴትየዋ ተመልሳ መጣች። የባሏን የቀረውን አንድ ኮት ታቅፋለች።

«ይህንን ለሌላ ሰፊ አልሰጥም» አለቻቸው።