የግሪክ ደሴትና የእናት ስለት

ወደ አርችዌይ ሰፈር በሚሄደው አውቶቡስ ከኋላዬ እናትና ልጅ ያወራሉ።

«እማዬ፣ ባሌ ለሆሊደይ ጀልባ ተከራይቷል አልኩሽ እኮ። አንዲት ፀጥ ያለች የግሪክ ደሴት እንዞራለን።»

«ደርግን ሸሽተን በጀልባ ስንሻገር፣ ‹ልጄን አውጪልኝ እንጂ ዳግመኛ ባሕር አላስነካትም› ብዬ ለማርያም ተስያለሁ።»

«የተሳልሽው አንቺ፣ የምቀረው እኔ?»

«ጉያዬ ገብታ ስታለቅስ የነበረችው ማን ናት?»

«ሕፃን ነበርኩ!»

«ለኔ አሁንም ያው ነሽ።»

«ካልፈቀድሽ አልሄድም። ደሴቷ ላይ ግን የማርያም ቤተ ክርስቲያን አለ አሉ።»

እናትየው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«እንግዲያው መጀመሪያ እዚያ ግቢ። ጧፍ አብሪና ‹ቃሏን ያጠፈችው እናቴ ናት፤ እኔን በሰላም መልሺኝ› በያት። ሹራብም ያዢ።»

የልጅቷን ስም እንኳ ሳላውቅ፣ እኔም በልቤ አንድ ጧፍ ተሳልኩላት።