መብራት የጠፋበት የመጨረሻ ክፍል

ከዓመታት በፊት በቴሌቪዥን ይታይ የነበረውን ያን ድራማ ዲላ ላይ ያልተከታተለ አልነበረም። የመጨረሻው ክፍል ሊጀምር ሲል ግን ከተማው ሁሉ መብራት ጠፋና አንዳችንም ሳናየው ቀረን። ሰሞኑን ታዲያ ከጎረቤት ጋር ተሰብስበን ያንን እያነሳን፣ ሁሉም በየግምቱ ሲጨርሰው፣ ባሌ ምን ቢል ጥሩ ነው? «የለም፣ ሚስትየዋ ቀይ ቀሚስ ለብሳ መጥታ ባሏን ይቅር አለችው።»

«አንተ የት አየኸው?» አልኩት። ያን ማታ የተሰጣ ቡና ልጠብቅ ብሎኝ ይርጋጨፌ አጠገብ ካለችው ገጠር፣ ኢዲዶ ነበር ያደረው፤ ኢዲዶ ደግሞ ያኔ እንኳን ቴሌቪዥን አምፖልም አልነበረ። «ሰው ነግሮኝ ነው» አለ፣ አይኑን ሰበር አድርጎ። ይሄኔ፣ በዚያ ዘመን ይርጋጨፌ ትኖር የነበረችው ጎረቤቴ ዝናሽ በሳቅ ፈንድታ፣ «ኧረ ቀሚሷስ አረንጓዴ ነው! ረሳኸው እንዴ?» አትለው መሰላችሁ!

 እኔ እንደሆንኩ ለብሼ ይቅር የምልበት ቀይም አረንጓዴም ቀሚስ የለኝ!