የሚስተር ጋሮድ የባሕር ጎመን

ሚስተር አምብሮዝ ጋሮድ ቢላቸውን አውጥተው በጠጠሩ ላይ ገና ከመንበርከካቸው ከኋላቸው ኮቴ ሰሙ። በእንግሊዝ አገር፣ በሰፎክ የባሕር ዳርቻ ድቡልቡሉ ጠጠር ከእግር ሥር እየተንኳኳ ያሳብቃልና ሰውን በድንገት መቅረብ አይቻልም። ዞር ሲሉ የአናጢው ልጅ ሄስተር ናት፤ ኮሌጅ ገብታ ስለ ዕፀዋት የምትማረው፣ ለፋሲካ ዕረፍት የመጣችው።

ሽማግሌው በዚያ ሰዓት የማንንም ጨዋታ አልፈለጉም። ሚስታቸው ዊኒፍሬድ በብርዱ ወራት ሳንባዋን ከታመመች ወዲህ ምግብ አልወርድ ብሏት ከሰውነት ወጥታለች። ትናንት ግን «የባሕር ጎመን ቢገኝ እቀምስ ነበር» አለች። ሚስተር ጋሮድ ከደስታቸው ብዛት ባርኔጣቸውን ገልብጠው አጠለቁ። በየዓመቱ ጥር ላይ፣ በባሕሩ ዳር በጠጠር መሃል በራሱ የሚበቅለው ይህ ጎመን ባለበት ቦታ ጠጠር ይከምራሉ፤ ብርሃን ያጣው ቡቃያ ነጭና ለስላሳ ሆኖ ይወጣል፤ በሚያዝያ ቆርጠው፣ ቀቅለው በቅቤ ይበሉታል። አባታቸውም እንዲሁ ያደርጉ ነበር።

«እንደምን አደሩ ሚስተር ጋሮድ? ያቺን ሊቆርጧት ነው?»

«ታዲያ ላጫት መሰለሽ?»

ሄስተር ሳቀች፤ ግን ከቆመችበት ንቅንቅ አላለችም። «ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ በዚህ በኩል የቀረችው እሷ ብቻ ናት። ከጀልባዎቹ ማረፊያ ጀምሮ እየፈለግሁ ነው የመጣሁት።»

«ጥንቸል ነው የፈጀው። ከጥንቸል የተረፈውን ደግሞ ከከተማ የሚመጣው ሽርሽረኛ ይረግጠዋል።»

«እነሱም አሉበት። እርስዎስ?»

«እኔ? ጠጠር አልብሼ እንደ ልጅ የማሳድገው ሰው?»

ይህን ያሉት ከልባቸው ነበር፤ ችግሩም ይኸው ነው። በጠላትነት የሚያጠፋውን ሰው መውቀስ ቀላል ነው፤ እየተንከባከበ የሚያጠፋውን ግን ከየት ጀምሮ ይወቅሱታል?

ሄስተር አጠገባቸው ቁጭ አለች። «አንድ ነገር ልጠይቅዎ። በየዓመቱ በአትክልት ውድድር የሚሸለሙበትን ያን ቡቃያው የሚበላ አትክልት፣ አስፓራገሱን፣ ከተከሉት በስንት ዓመቱ ነው የሚቆርጡት?»

«በሦስተኛው። ከዚያ በፊት የሚነካው ቂል ብቻ ነው።»

«ከዚያ በኋላስ እስኪያልቅ ይቆርጡታል?»

«ምን ነካሽ! ሰኔ አጋማሽ ላይ ቢላዬን እሰቅላለሁ። ከዚያ ወዲያማ ቅጠል ያውጣ፣ ፀሐይ ይጥገብ፣ ሥሩን ያደልብ እንጂ! አለዚያ በሚመጣው ዓመት...»

ዓይናቸው በእጃቸው በያዙት ቢላ ላይ ዐረፈ። ሄስተር የጨዋ ልጅ ናትና ፊቷን ወደ ባሕሩ አዞረች።

«ይህንን ግን ባየሁት ቁጥር እቆርጠዋለሁ» አሉ።

«ለዚህ ነው የመነመነው፤ ዘር የሚያፈራበት ፋታ አላገኘም። ሥሩ እኮ ጠልቆ ወርዶ ጠጠሩን አንቆ ይይዛል። ቅጠሉ በድንጋዮቹ መሃል በስብሶ ለሌላው ተክል አፈር ይሆናል። እዚህ ጠጠር ላይ ሌላ አፈር ከየት ይመጣል?»

«አንቺ የአፈሩን ታወሪኛለሽ፤ እኔ ቤት ሚስቴ እህል አልቀምስ ብላ ተኝታለች። ምን ይዤ ልግባ?»

ይህን ኮሌጁ አላስተማራትም። ሄስተር ዓይኗ እንባ አቀረረ። «አላወቅሁም፤ ይቅርታ ሚስተር ጋሮድ። ይቁረጧት።»

ሽማግሌው ጎንበስ ብለው ጠጠሩን ገለጥ አድርገው አዩ። ክምሩ ሥር ሦስት ቀጫጭን ቡቃያዎች አሉ። በጓሮአቸው እንዲህ የመነመነ ቡቃያ የሚቆርጥ ሰው ቢያዩ በዱላ ያባርሩት ነበር። ቢላውን አጥፈው ኪሳቸው ከተቱና ብርሃን እንዲያገኝ ጠጠሩን በእጃቸው ያነሱለት ጀመር፤ ሄስተርም አገዘቻቸው።

ቤት ሲገቡ ዊኒፍሬድ ባዶውን ቅርጫት አየች። የሆነውን ሁሉ አንገታቸውን ደፍተው ነገሯት።

«ሳይቆረጥ ሲቀር ምን ይሆናል?» አለች።

«ያብባል። በልጅነቴ አይቼዋለሁ፤ ማር ማር ይሸታል።»

«ያብባል?» ከትራሷ ቀና አለች። ከባሕር በራቀ መሃል አገር ያደገች ናት፤ በጠጠር ላይ መሄድም ስለማይሆንላት ወደ ዳርቻው እምብዛም አትወርድም። «አርባ አራት ዓመት ስታበላኝ አበባ እንዳለው አንድ ቀን አልነገርከኝም! እሱን ሳላይማ አልሞትም። በል፣ ያን ሾርባ አምጣው።»

ያን ዕለት ግማሽ ሳህን ጠጣች። በማግሥቱ ሙሉውን።

በሰኔ ሄስተርና ሚስተር ጋሮድ በወጥ ቤት ወንበር ተሸክመው ወደ ባሕሩ ዳር ወሰዷት። ጎመኑ ነጭ በነጭ ሆኖ ንብ ወርሮታል። ዊኒፍሬድ ፊቷን አበባው ውስጥ ቀብራ ብዙ ቆየች፤ ቀና ስትል አፍንጫዋ በአበባው ብናኝ ቢጫ ሆኖ ነበርና ባልየው እየሳቁ ጠረጉላት።

ዘሩ ሲበስል ጥቂቱን ብቻ ወስደው በጓሮአቸው ጠጠር አልብሰው ዘሩት፤ የቀረውን ለነፋሱና ለማዕበሉ ተዉት። በሦስተኛው ዓመት ጓሮው ለእነሱም ለጎረቤትም ተረፈ፤ ጎመን ያማረው መንደርተኛ ሁሉ ከሚስተር ጋሮድ ችግኝ እየወሰደ በየደጁ ተከለ፤ ወደ ባሕሩ ቢላ ይዞ የሚወርድም ጠፋ። በዳርቻው ላይ አዳዲስ ጎመኖች ብቅ አሉ፤ በመሃላቸው በተጠራቀመችው አፈር ሌሎች አበቦችም ተከተሉ፤ ጠጠሩም በየቦታው በሥር ተያዘ።

ዊኒፍሬድ በዚያ በሦስተኛው ዓመት ሚያዝያ የመጀመሪያውን የጓሮ ጎመን በቅቤ በላች። «እንደ ባሕር ዳሩ ጎመን ይጣፍጣል?» አሉ ሚስተር ጋሮድ ሰግተው።

«ይጣፍጣል» አለች ጣቷን እየላሰች። «አሁን ባርኔጣህን አድርግና ውሰደኝ፤ የዚያኛውን፣ የባሕር ዳሩን እምቡጥ ልየው።»