አርባ አንድ እግዚኦታ

«አንዴ ነው የምጽፈው አልኩዎ እኮ፣ አያ ይርሳው። የቀረውን ማሽኑ ይደግመዋል።»

«ማሽን ምን ኃጢአት አለበትና ነው እግዚኦ የሚል? እየቆጠርህ ጻፍ።»

ምስክር ሳቁን ዋጠ። ከስምንተኛ ክፍል ቢባረርም፣ ፍኖተ ሰላም ላይ ኮምፒውተር ቤት ከፍቶ ሰው የሚያሰልፍ ጎረምሳ ነው። ሽማግሌው ደግሞ ከማንኩሳ በጋሪ የመጡት ለልጃቸው ለአምለሰት የጸሎት ወረቀት ሊያስጽፉ ነው። በልጅነቷ ቢድሯት ከባሏ ቤት ጠፍታ አዲስ አበባ ገባች፤ ይኸው ስንት ክረምት። ወረቀቱን የሚያደርሰው ጎረቤት በከሰዓቱ አውቶቡስ ይሄዳል፤ የእሳቸው ዓይን ለጽሕፈት ደክሟል።

እጅ ያልደከመበት ጸሎት አይሰምርም ብለው ተሟገቱ። ልጁም፣ መድከም ያለበት የሚጸልየው እንጂ የሚጽፈው አይደለም፣ አርባ አንዱንም የምትለው አምለሰት ናት አላቸው። እኛም በዚህ ከልጁ ጋር ነን፤ በከንቱ የደከመ እጅ ለቁም ነገሩ አይተርፍም።

ሲፈቅዱለት ኤክስኤስኤልቲ በሚሉት የኮምፒውተር ቋንቋ ትዕዛዙን ጽፎ ማስጀመሪያውን ነካ። ማሽኑ ስታክ አደረገ፤ ቀጥ አለ።

«ደከመው?» አሉ አያ ይርሳው።

ምስክር ጭንቅላቱን አከከ። ይኼ ቋንቋ «አርባ አንዴ ድገም» ቢሉት አይገባውም። አንዷን መስመር ይጽፍና፣ ከተሰጠው ቁጥር አንድ ቀንሶ፣ በቀረው ራሱን መልሶ ይጠራል። ቁጥሩ ሲያልቅ ያቆማል። ልጁ ቅነሳውን ረስቶት ኖሯል።

«እንደ መቁጠሪያዎ ነው። ፍሬ ባሳለፉ ቁጥር የቀረው ያንሳል፤ ሲያልቅ ያርፋሉ። እኔ ፍሬውን ሳታሳልፍ እግዚኦ በል አልኩት። በምን ይቁም?»

አስተካክሎ ነካው። እግዚኦው ከላይ እስከ ታች ተደርድሮ ወጣ። ሽማግሌው በጣታቸው እየተከተሉ ቆጠሩ፤ አንድ አልጎደለም። ተረቱ። ከእንግዲህ በጭንቅ የምጽፈውን የማኅበራችንንም ጸሎት እዚሁ አስጽፋለሁ፣ ዓይኔም ያርፋል፣ ቀኑም ለእርሻዬ ይተርፋል አሉ።

ወረቀቱን አጥፈው ያዙ እንጂ አልተነሱም።

«ለኔም አንድ ጻፍልኝ። እስክትመጣ የምለው። ቁጥር አትስጠው።»

«አሁን አይደል እንዴ ማቆሚያ አጥቶ የቆመው? ለመሆኑ ‹ነይ› ብለዋት ያውቃሉ?»

አባት ልጁን አይለምንም አሉ፣ ወደ አውቶቡሱ መንገድ እያዩ።

«የሸሸችው የዳሯትን፣ እርስዎን ነው፤ እግዜርን ምን ያስቸግሩታል? ነይ ይበሏት። እሱ አንዴ ይበቃል።»