አያ ፋንታሁን የናቁት ሽሮ

የምነግራችሁ ከራሱ እስከ ጅራቱ እውነት ነው፤ ቁስቋም ማርያም ትታዘበኝ። ጎረቤቶቼ የኔን ወሬ ለሁለት ከፍለው ግማሹን ብቻ ያምናሉ፤ ይህችን ግን ሙሉዋን እመኑልኝ። የተማርኩ ሰው ነኝ። ስድስተኛ ክፍልን ሁለት ጊዜ ተምሬዋለሁ፤ ሲደመር አሥራ ሁለት ይሆናል።

ሥራዬ የባዮጋዝ ጉድጓድ መቆፈር ነው። እበት ከውሃ ጋር ተበጥብጦ ጉድጓድ ውስጥ ይታፈናል፤ የሚወጣው ጋዝ በቱቦ ወጥ ቤት ገብቶ ያለ ጭስ ይነዳል። አምና በመስከረም የመጀመሪያውን የቆፈርኩት ለሳይንስ አስተማሪዋ ለፀደይ ነበር። ኅዳር ላይ ጋዙ ሲጠራቀም የጋዝ ምድጃ ከአራዳ ገበያ ገዝተን በሚኒባስ ወደ ዳባት ስንመለስ፣ አጎቷ አያ ፋንታሁን ከነባለቤታቸው ከፊታችን ተቀመጡ። ከሆስፒታል መመለሳቸው ነው። የባለቤታቸው የእትዬ እታገኘሁ ግራ ዓይን በነጭ ጨርቅ ተሸፍኗል። ሐኪሙ ከጭስ ካልራቁ ዓይኑ እንደማይተርፍ ነግሯቸዋል።

አያ ፋንታሁን በአፍንጫቸው የታወቁ ናቸው። ጠላ ቀምሰው ጋኑ በምን እንጨት እንደታጠነ፣ እንጨቱም ከየትኛው ዳገት እንደተቆረጠ ይናገራሉ። ምድጃውን አዩና ምን እንደሆነ ጠየቁኝ። ነገርኳቸው። ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ።

ፀደይ ግን አልተወቻቸውም። ለእትዬ መዳኛው ይኸው ነው፣ አንድ ጉድጓድ እንቆፍርላችሁ አለች።

«ከእበት የወጣ እሳት እኔ ቤት አይገባም» አሉ።

«አያ፣ ትናንት ወጡ በምን በሰለ?»

«በኩበት።»

«ኩበቱስ ከምን ተሠራ?»

ተሳፋሪው ሁሉ አንገቱን አዞረ። አያ ፋንታሁን ጋቢያቸውን አስተካከሉ። «እሱ ፀሐይ አይቶታል። ያንቺው ታፍኖ የከረመ ነው።»

«አውድማውንስ በእበት ለቅልቃችሁ አይደል የምትወቁበት? ለቅዳሴ የሚሄደው ስንዴ እሱ ላይ አይደል የሚወቃው? ምነው እዚያ ላይ ንጹሕ የሆነው እበት ወጥ ቤት ሲደርስ ረከሰ?»

በዚህ ጊዜ መኪናው ዳገቱ ላይ ቆሞ ክርክሩን አዳመጠ። ሾፌሩ ሞተሩ ግሎ ነው አለ፤ እኔ አላመንኩትም።

ፀደይ ቀጠለች። ኩበት ስናነድ የመሬቱን ቀለብ እያነደድን ነው፤ ከጉድጓዱ ግን እሳቱን ወስደን ዝቃጩን ለእርሻ እንመልሳለን፤ ተማሪዎቼ ሁለት መደብ ጎመን፣ አንዱን በዝቃጭ አንዱን ያለ ዝቃጭ፣ ተክለው ልዩነቱን በዓይናቸው አይተዋል አለች። ሽማግሌው ጎመን ሌላ፣ ማዕድ ሌላ ነው አሉ። በመጨረሻ አንድ ነገር ተስማሙ። ቅዳሜ ፀደይ ቤት መጥተው ይቀምሳሉ፤ ሽታ ከሌለው ይቆፍራሉ፤ ሽታ ካለው ወሬው ዳግመኛ አይነሳም። እትዬ እታገኘሁ በደኅናው ዓይናቸው ባላቸውን አዩ።

ቅዳሜ ባልና ሚስቱ መጡ፤ ሁለት ሳህን ሽሮ ቀረበ። ፀደይ ውሸት አታውቅም፤ በስተቀኝ ያለው በኩበት፣ በስተግራ ያለው በጋዝ የተሠራ መሆኑን ነገረቻቸው። ከቀኙ ጎረሱ፤ ደገሙ። «ይህ ሸጋ ነው። የእናቴ ወጥ» አሉ። ከግራው በጣታቸው ጫፍ ነክተው ቀመሱና ሳህኑን ገፉት።

«ይሸታል። አልኳችሁ እኮ።»

ነገሩ አበቃ ማለት ነው፤ ለእትዬ እታገኘሁ ነገ ጠዋት ወደዚያው ጭስ።

እኔ በሩ ላይ ቆሜ ነበር። ፀደይ ጀርባዋን ስታዞር፣ አያም እጃቸውን ሲታጠቡ ሳህኖቹን የቀያየርኳቸው እኔ ነኝ። «አያ፣ ይቅር ይበሉኝ» አልኩ። «የናቁት የኩበቱ ነው። ያሞገሱት የጉድጓዱ ነው።»

ዱላቸውን አነሱ። እኔም ሩጫ አልጠላም፤ ግን እግሬ እንቢ አለኝ። ዱላው አየር ላይ ትንሽ ቆየና ቀስ ብሎ ወረደ። ያን ጊዜ እውነተኛው ነገር ከአፋቸው ወጣ።

«ጥር ላይ የማርያም ማኅበር ተራ የኔ ነው» አሉ በዝግታ። «የእበት እሳት ቤቴ ከገባ ማን ይበላልኛል?»

እትዬ እታገኘሁ የዓይናቸውን ጨርቅ እየነኩ ተናገሩ። «ማኅበርተኛው ዓይኔን ይመልስልኛል?»

አያ ፋንታሁን ያሞገሱትን ሳህን ወደ ራሳቸው ሳቡ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው «ዶማህ የት ነው?» አሉ።

ማክሰኞ ጀመርን። እውነት ለመናገር ከእኔ ይልቅ እሳቸው ቆፈሩ፤ አለቱ የቆፋሪውን ስም ሲሰማ ራሱ ይሰነጠቅ ነበር።

ጥር ሃያ አንድ ማኅበርተኛው ተሰበሰበ። አያ ፋንታሁን ማንም ሳይጎርስ ቆመው ሁሉንም ተናገሩ፤ ወጡ በምን እንደበሰለ፣ እበቱ ከየትኞቹ ላሞች እንደወጣ ሳይቀር። ቅር ያለው ይነሳ፣ አልቀየምም አሉ። ማንም አልተነሳም። አንድ ሰውዬ ብቻ ተነሣ፤ እሱም ወጥ ቤት ገብቶ ሰማያዊውን ነበልባል አየና ሲመለስ የጉድጓዱን ስፋት ጠየቀኝ። ከምርቃቱ በፊት ሦስት ደንበኛ አገኘሁ።

አሁን በዚያ ቀበሌ አሥራ አንድ ጉድጓድ አለ። ሴቶቹ ኩበት በመጠፍጠፍና እንጨት በመሸከም የሚያልፈውን ቀን ለሌላ ሥራ አዋሉት። ዝቃጩን የበላው ገብስ ወገብ ይደርሳል። የቤተ ክርስቲያኑ ጽድ መጥረቢያ አላየም። ፀደይም ተማሪዎቿን የምታስጎበኘው አያ ፋንታሁን ዘንድ ነው፤ እሳቸውም «እበት ንጹሕ መሆኑን እኔ ድሮም አውቅ ነበር» ብለው ይጀምራሉ።

ስለማልኩ አንዲት ነገር ላርም። ሳህኖቹን የቀያየርኩት እኔ አይደለሁም። እትዬ እታገኘሁ ናቸው፤ በአንድ ዓይናቸው፣ ጠብታ ሳያፈሱ። እኔ በሩ ላይ ሆኜ አየሁና ዱላው ወደ እኔ እንዲመጣ ዋሸሁ። እውነቱን እንድጽፍ የፈቀዱልኝ ባለፈው ሳምንት ነው፤ በሁለቱም ዓይናቸው እየሳቁ።